ኮምፒዩተሩ ከታደሰ በኋላ ሽቦ አልባው መስመር የጠፋበት ነጋዴ ምን ማድረግ ይገባዋል

ከሐላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሾኔ፣ የባደዋቾ በርበሬ፣ በቆሎና ቦሎቄ የሚወጣባት፣ ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃም የሚገባባት የገበያ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚነግድ ሰው ሂሳቡን በእጁ ብቻ ጽፎ፣ የአዲስ አበባን ዋጋ በመንገደኛ አፍ ጠይቆ የሚሠራበት ዘመን እያለፈ ሄዷል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በኢትዮጵያ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብ ያለ ከረጢት ይሄዳል፤ የዋጋ ዝርዝርና የዕቃ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ይመጣል፤ አስመጪ ወይም ላኪ የሆነ እንደሆነም ፈቃዱን በ2012 ዓ.ም. በተከፈተው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በኩል ይጠይቃል። ከሐድያና ከከምባታ ቤተ ሰቦች መካከልም በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ያላቸው ብዙዎች ስለሆኑ፣ የአንድ ሱቅ ኮምፒዩተር ከውጭው ዓለም ጋር ያለው ግንኙነት የሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የዘመድም ጉዳይ ነው።

ይህ ግንኙነት በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ ቢቋረጥ ምን ይደረጋል? የብዙ ሰው ልማድ የታወቀ ነው። ባለሱቁ ኮምፒዩተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል፤ ጠጋኙም ወጣት ጥቂት ነካክቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ይለዋል። ፎርማት ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ከዚህ በኋላ መስመሩ ይመለስ ይሆናል፤ ነገር ግን የዱቤ መዝገቡ፣ የደንበኞቹ ስምና ስልክ፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ሲጻፍ የኖረው የዓመቱ ሂሳብ አብሮ ይሄዳል። ለጠፋ መክፈቻ ሲባል መጋዘኑን እንደ ማቃጠል ያለ ነው። ችግሩ ከእድሳት በኋላ የመጣ እንደሆነ ግን ዲስኩን ለማጥፋት የሚያበቃ ምክንያት የለም፤ ትናንት ሲሠራ የነበረው ከርነል ብዙውን ጊዜ ዛሬም በዚያው ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይገኛልና።

አስቀድሞ ነገሩ የትኛውን ኮምፒዩተር እንደሚመለከት መለየት ያስፈልጋል። ባለቤቱ የትኛው ከርነል እንዲነሣ ለመምረጥ የሚችልበት ሥርዓት ሊነክስ የሚባለው ነው። ሊነክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺህ ሰዎች ድካም አድጎ ያለ ዋጋ የሚታደል ሆነ። ከዐይነቶቹ አንዱ የሆነው ኡቡንቱ በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ተወላጁ በማርክ ሻትልወርዝ መሥራችነት ወጣ፤ ስሙም ከዙሉና ከቆሳ ቋንቋዎች የተወሰደ፣ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች መሆኑን የሚያመለክት ቃል ነው። (በጆሃንስበርግ ነግዶ የተመለሰ የሾኔ ሰው ቃሉን ከኮምፒዩተር በፊት ከሰው አፍ ሰምቶት ይሆናል።) ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ደግሞ፣ ዊንዶውስ 11ን ለመሸከም የማይችል ያገለገለ ላፕቶፕ ያለው ነጋዴ አዲስ ከመግዛት ይልቅ በአሮጌው ላይ ሊነክስ ማስጫን የሚያዋጣ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የመምህራንና የተማሪዎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሱቅም ጉዳይ ሆኗል።

ከርነል የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ማስታወሻውን፣ ዲስኩን፣ የጽሕፈት ሰሌዳውንና የሽቦ አልባውን ካርድ የሚያዝዝ እርሱ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱን ዕቃ የሚያዝዘው በቀጥታ ሳይሆን ድራይቨር በሚባል አነስተኛ ፕሮግራም አማካይነት ነው። ከርነሉ የመጋዘን በር ቁልፍ ነው ቢባል ድራይቨሩ መክፈቻው ነው። መክፈቻም ሁለት ዐይነት አለ። አንደኛው ቁልፉን የሠራው ፋብሪካ ራሱ አብሮ የሚሰጠው ነው፤ ቁልፉ ሲለወጥ አዲሱ መክፈቻ አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው ግን ከፋብሪካው ውጭ በሌላ እጅ የተቀረጸ ነው፤ ቁልፉ በተለወጠ ቁጥር እንደገና መቀረጽ አለበት። የሊነክስ ሠሪዎች የከርነሉን የውስጥ አሠራር ባሻቸው ጊዜ የመለወጥ ነጻነታቸውን ስለጠበቁ፣ ለትናንቱ ከርነል የተቀረጸ የውጭ ድራይቨር ለዛሬው አይገጥምም። ከእድሳት በኋላ ሽቦ አልባው መስመር የሚጠፋበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ካርዱ አልተቃጠለም፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም መስመሩን አልቆረጡም።

ለዚህ ከሁሉ የሚታወቀው ምሳሌ የብሮድኮም ካርድ ነው። ቢ ሲ ኤም 43142 የተባለውና የእርሱ ዘመዶች በብዙ የዴልና የኤች ፒ ላፕቶፖች ውስጥ ይገኛሉ፤ እነዚህም ላፕቶፖች አገልግለው ወደ አፍሪካ ገበያ ይገባሉ። ፋብሪካው ለሊነክስ ያዘጋጀው ድራይቨር የመጨረሻ እትም በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ እየታደሰ ሲሄድ ድራይቨሩ ባለበት ስለቆመ፣ እንዲገጥም የሚያደርጉት በየጊዜው እየጠገኑ የሚያቀርቡት የኡቡንቱና የመሰሎቹ ሠራተኞች ናቸው። ጥገናው ከከርነሉ ጥቂት የዘገየ እንደሆነ ባለሱቁ ያለ መስመር ይቀራል።

የእድሳቱም ነገር ቢሆን ሳይታሰብ የሚመጣ ነው። ኡቡንቱ 24.04 በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሲወጣ 6.8 የተባለውን ከርነል ይዞ ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው እርማት 6.11ን፣ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው ደግሞ 6.14ን አመጣ። እድሳቱ እንዲገባ አንድ ጊዜ «እሺ» ያለ ባለሱቅ፣ በር ላይ ያለው ቁልፍ ሁለት ጊዜ እንደተለወጠበት ሳያውቅ ሊቀር ይችላል፤ ነገሩ የሚገለጥለት ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ባበራ ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህም ነው «ትናንት ማታ ሲሠራ ነበር፣ ምንም አልነካሁም» የሚለው ቃል ከሁሉም አፍ የሚሰማው። ሰውየው አልዋሸም።

እንግዲህ በሾኔ የበርበሬ ንግድ ያለው አንድ ሰው ይታሰብ፤ ማለዳ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት የዋይፋዩ ምልክት ከማዕዘኑ ጠፍቷል። የመጀመሪያው ሥራ በእጅ ስልኩ ያንኑ ዋይፋይ መሞከር ነው። ስልኩ ከሠራ መስመሩና ማሠራጫው ጤነኞች ናቸው፤ ጉድለቱ ከኮምፒዩተሩ ነው። ስልኩም ካልሠራ የከርነል ነገር ተትቶ ወደ ማሠራጫውና ወደ ሒሳቡ መሄድ ይገባል። ቀጥሎ በኮምፒዩተሩ ላይ የጎረቤት ዋይፋዮች ስም ይታይ እንደሆነ መመልከት ነው። ስሞቹ ከታዩ ድራይቨሩ እየሠራ ነው፤ ችግሩ ከይለፍ ቃል ወይም ከሌላ ነገር ይሆናል። አንድም ስም ካልታየ፣ ወይም የዋይፋይ ካርድ አልተገኘም የሚል ቃል ከመጣ፣ የሚጠረጠረው ድራይቨሩ ነው። ከዚህ በፊት ግን አንድ ቀላል ነገር ይቀራል፤ በብዙ ላፕቶፖች ጎን ወይም በላይኛው የቁልፎች ረድፍ ላይ ሽቦ አልባውን የሚያጠፋ ማብሪያ አለ፤ ሕፃን ነክቶት ሊሆን ይችላል። «አር ኤፍ ኪል ሊስት» የተባለው ትእዛዝ ካርዱ በማብሪያ ተዘግቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ የሚደረገው ነገር ከሁሉ የሚጠቅመው ነው፤ ገንዘብም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀድሞውን ወዲያው አይጥለውም፤ ከጎኑ ያስቀምጠዋል። ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣ የፋብሪካው ምልክት ታይቶ እንዳለፈ ኢስኬፕ የተባለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ መንካት፣ አሮጌ ማሽን ከሆነ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ፣ ግሩብ የተባለውን የምርጫ ገጽ ያመጣል። (ኢስኬፕን ደጋግሞ የመታ ሰው ምርጫ በሌለበት ጥቁር ገጽ ውስጥ ይገባል፤ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው እንጂ አይደንግጥ።) በዚያ ገጽ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» የሚለው ተመርጦ ሲከፈት የከርነሎቹ ቁጥሮች በተርታ ይታያሉ። ከላይ ያለው አዲሱ ነው። ከእርሱ በታች ካሉት መካከል «ሪከቨሪ» የሚል ያልተጨመረበትን የቀድሞውን ቁጥር መምረጥ ይገባል። ኮምፒዩተሩ በዚያ ሲነሣ ዋይፋዩ ከተመለሰ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተገኘ፤ ካርዱ ጤነኛ መሆኑ ተረጋገጠ፣ የዕለቱም ሥራ ቀጠለ። ነጋዴው በዚያው ገዝቶና ሸጦ፣ ጥገናውን ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ለማታ ሊያቆየው ይችላል። በገበያ ሰዓት መካከል ጥገና የሚጀምር ሰው ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

በማታው ሥራ መጀመሪያ የሒሳብ መዝገቡና ደብዳቤዎቹ በፍላሽ ላይ ይገለበጡ። ጥገናው መዝገቡን የሚነካ አይደለም፤ ሆኖም መብራት በሚጠፋበት አገር ይህን ሳያደርጉ ማንኛውንም ሥራ መጀመር አይገባም። ከዚያም በአዲሱ ከርነል ተነሥቶ ካርዱን ማወቅ ይቀጥላል። በተርሚናል ላይ «ኤል ኤስ ፒ ሲ አይ» የተባለው ትእዛዝ ከሰረዝና ከ«ኤን ኤን ኬ» ፊደላት ጋር ሲጻፍ የካርዱን ስም፣ የፋብሪካውን ቁጥርና የያዘውን ድራይቨር ያሳያል፤ ካርዱ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ «ኤል ኤስ ዩ ኤስ ቢ» ስሙን ይናገራል። ካርዱ በስሙ ተጠርቶ ከሥሩ «ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚለው መስመር ከጎደለ፣ ነገሩ ከላይ እንደተባለው ነው፤ በሩ አለ፣ መክፈቻው የለም። ከርነሉ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ «ዩኔም» የተባለው ቃል ከሰረዝና ከ«አር» ፊደል ጋር ነው፤ ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ቢጻፍ መልካም ነው፣ ቀጥሎ ያስፈልጋልና።

ዋይፋይ በሌለበት የሚፈለገውን ፕሮግራም ከየት ማምጣት ይቻላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በነጋዴው ኪስ ውስጥ ነው። ስልኩ ቻርጅ በሚደረግበት ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ፣ በስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለው ሲከፈት፣ ኮምፒዩተሩ ስልኩን እንደ ባለገመድ መስመር ይቆጥረዋል፤ የዋይፋይ ድራይቨር አያስፈልገውም። ገመዱ ግን መረጃ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ በገበያ ከሚሸጡት ርካሽ ገመዶች አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ ብቻ እንጂ መረጃ አያሳልፉም፤ ይህም ሰውን በከንቱ ያደክማል።

መስመሩ ከተገኘ በኋላ የሚፈለገው ሄደር የሚባለው ጥቅል ነው። ይህም የአዲሱ ቁልፍ ልክ እንደ ማለት ነው። በኡቡንቱ ውስጥ ዲ ኬ ኤም ኤስ የተባለ፣ በዴል ኩባንያ የተጀመረ መሣሪያ አለ፤ ሥራውም ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር የውጭ ድራይቨሮችን ያለ ትእዛዝ እንደገና መቅረጽ ነው። ሠራተኛው ትጉህ ቢሆንም ልኩ ካልቀረበለት ሊቀርጽ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም ይኸው ልክ ነው። በወረቀት ላይ ከተጻፈው የከርነል ቁጥር ጋር አንድ የሆነውን ሄደር ማስጫን፣ ከዚያም የብሮድኮሙን ወይም የሌላውን ድራይቨር ጥቅል እንደገና ማስጫን ብዙውን ችግር ይፈታል። «ዲ ኬ ኤም ኤስ ስቴተስ» የሚለው ትእዛዝ ድራይቨሩ ለየትኛው ከርነል እንደተቀረጸ ያሳያል፤ የአዲሱ ቁጥር ከጎኑ «ኢንስቶልድ» ተብሎ ከተነበበ ሥራው አልቋል። በእድሳቱ መካከል መብራት ጠፍቶ ከነበረ ግን ጥቅሎቹ በግማሽ ቀርተው ሊሆን ይችላልና፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ዲ ፒ ኬ ጂ» የተባለውን ትእዛዝ ሁለት ሰረዝ ካለበት «ኮንፊገር» ከሚለው ቃልና አንድ ሰረዝ ካለበት «ኤ» ፊደል ጋር በባለሥልጣን ቃል አዝዞ የጀመረውን እንዲጨርስ ማድረግ ያስፈልጋል።

ድራይቨሩ ተቀርጾም መስመሩ ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ሴኪዩር ቡት የሚባል ዘበኛ አላቸው፤ ይህ ዘበኛ የታወቀ ማኅተም የሌለበትን ድራይቨር አያስገባም። ኡቡንቱ የውጭ ድራይቨር ሲጭን አዲስ ማኅተም አዘጋጅቶ የይለፍ ቃል ያስጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ ተመልሶ ሲነሣም በሰማያዊ ገጽ ላይ ያን ቃል መልሶ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰማያዊው ገጽ አስደንግጦት ወይም ቸኩሎ «ኮንቲኒው» የሚለውን ይመታና ማኅተሙ ሳይመዘገብ ይቀራል። «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጦ ቃሉን መጻፍ ነበረበት። ቃሉ የሚያገለግለው ለዚያች ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቀላልና የማይረሳ ቢሆን ይበቃል። አንዳንድ ጠጋኝ ዘበኛውን ራሱን ያጠፋዋል፤ ሥራው ይሳካል፣ ነገር ግን የገንዘብ ሒሳብ በሚንቀሳቀስበት ኮምፒዩተር ላይ ይህን ማድረግ አይመረጥም።

ፈርምዌር የሚባለው የካርዱ የራሱ ጽሑፍ የጎደለ እንደሆነ፣ «ዲ ሜሴጅ» የተባለው የከርነሉ የዕለት መዝገብ ይህንኑ በግልጽ ይጽፈዋል፤ «ሊነክስ ፈርምዌር» የተባለውን ጥቅል ማደስ ይበቃል።

በመጨረሻም የድራይቨሩ ጽሑፍ ራሱ ለአዲሱ ከርነል ሳይስማማ ቀርቶ አልቀረጽም የሚልበት ጊዜ ይኖራል። ይህ የባለሱቁ ጥፋት አይደለም፤ በእጁም የሚፈታ አይደለም። የሚሻለው በቀድሞው ከርነል እየሠሩ የተጠገነው ድራይቨር እስኪወጣ መጠበቅ ነው። «አፕት ማርክ ሆልድ» የተባለው ትእዛዝ የቀድሞውን ከርነል እንዳይሰረዝ ይይዘዋል። አሮጌ ጥቅሎችን የሚጠርገው «አውቶሪሙቭ» ግን አዲሱ ከርነል መሥራቱ ሳይረጋገጥ መታዘዝ የለበትም፤ ጥርጊያው አንዳንድ ጊዜ መመለሻውንም ይወስዳልና። ይሁን እንጂ በቀድሞው ከርነል ላይ መቆየት ለሳምንታት እንጂ ለዓመታት የሚሆን አይደለም። በየእድሳቱ የሚመጡት ነገሮች አብዛኞቹ የጸጥታ ቀዳዳ መድፈኛዎች ናቸው፤ እድሳትን ፈርቶ ፈጽሞ የሚዘጋ ነጋዴ ዋይፋዩን ጠብቆ በሩን ክፍት የተወ ሰው ነው። የሚቻለው ቀኑን መምረጥ ነው፤ ከገበያ ቀን ዋዜማና ከግብር ማስታወቂያ የመጨረሻ ቀኖች ርቆ፣ መብራት ባለበት፣ ባትሪው በሞላበት ሰዓት።

ለአስመጪዎች የሚነገረው ከዚህ ይለያል፤ ችግሩ ከገዢው እጅ ሳይገባ ሊቀር የሚችለው በእነርሱ ምርጫ ነውና። የኢንቴልና የአቴሮስ የሽቦ አልባ ካርዶች ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ ያለ፣ ከፋብሪካው ጋር አብሮ እንደሚመጣ መክፈቻ ያለ ነው፤ ለፈርምዌራቸው ካልሆነ በቀር ከእድሳት ጋር ጠብ የላቸውም። ከሪልቴክ የዩኤስቢ ካርዶችም አንዳንዶቹ በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ6.2 ከርነል ጀምሮ ድራይቨራቸው በውስጥ ተካትቷል። ያገለገሉ ላፕቶፖችን በጅምላ የሚያስመጣ ሰው የማስታወሻውንና የዲስኩን መጠን እንደሚጠይቅ ሁሉ የሽቦ አልባ ካርዱንም ስም ሻጩን ቢጠይቅ ምንም ወጪ የለውም። ብሮድኮም ያለበትን ላፕቶፕ መጣል አያስፈልግም፤ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ትንሽ የዩኤስቢ ካርድ ሰክቶ ለመሸጥ ይቻላልና።

ትንሿን ካርድ ሲገዙ ግን በካርቶኑ ላይ ባለው ስም ብቻ መተማመን አይገባም። ቲፒ ሊንክ የተባለው ፋብሪካ ቲ ኤል ደብልዩ ኤን 722 ኤን በሚል ስም የሚሸጠው ካርድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው እትም ውስጡ አቴሮስ ነበር፤ ሊነክስ ያለ ምንም ድካም ይቀበለዋል። ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ግን በዚያው ስም የሚሸጠው ካርድ ውስጡ ሪልቴክ ሆነ። ዊንዶውስ ለሚጠቀም ገዢ ልዩነቱ አይሰማውም፤ ሊነክስ ላለው ግን አንዱ እንደሰኩት የሚሠራ ሲሆን ሌላው እንደ ከርነሉ ቁጥር ከላይ የተጻፈውን የማታ ሥራ ሊጠይቅ ይችላል። እትሙን የሚለየው ከስሙ አጠገብ «ቪ» ከሚለው ፊደል ጋር በደቃቅ የሚጻፈው ቁጥር ስለሆነ፣ ትእዛዝ የሚልክ አስመጪ ይህንኑ ቁጥር በፕሮፎርማው ላይ እንዲጻፍለት ሊጠይቅ ይገባዋል።